በሳሳ አየር ላይ፦ በጎጃም ትንሽ አውሮፕላን ለሚያበሩ የሞተርና የደኅንነት መመሪያ

ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በፓይለት ቋንቋ ወደ 6,000 ጫማ ይጠጋል። ደብረ ማርቆስ ከተማ ደግሞ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ 8,000 ጫማ በሉት። አውሮፕላኖቹን የሠሩት ሰዎች መጽሐፋቸውን ሲጽፉ በአብዛኛው ያሰቡት ዝቅ ያለ አገር ነው። እዚያ ያለ ፓይለት ብዙ ወጥቶ የሚደርስበት ከፍታ ለእናንተ መነሻ ነው። በጎጃም ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ መንደርደሩ፣ መንገዱ፣ ሁሉም።

የምጽፈው ለሴስና 172 ዓይነትና ሮታክስ 912 ሞተር ለተገጠመላቸው ቀላል አውሮፕላኖች ነው። የአውሮፕላናችሁን ማንዋል አይተካም። ቁጥር ከተጋጨ የማንዋሉን ያዙ።

ከሁሉ በፊት ሒሳቡ

አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ከፍ ሲልም ይሳሳል። ሁለቱ ተደምረው አውሮፕላኗ በእርግጥ የምትሠራበትን ከፍታ ይሰጣሉ። ፓይለቶች ዴንሲቲ አልቲትዩድ ይሉታል። ስሌቱ በወረቀት ጀርባ የሚያልቅ ነው።

1. አልቲሜትሩን (የከፍታ መለኪያውን) 1013 ሄክቶፓስካል ላይ አድርጋችሁ ከፍታውን አንብቡ። ባሕር ዳር 6,000 ጫማ አለ እንበል።
2. ለዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ስንት ነው? ከ15 ዲግሪ ተነሱና ለየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ቀንሱ። ለ6,000 ጫማ 3 ዲግሪ ይመጣል።
3. የዛሬው ሙቀት ከዚያ በስንት ይበልጣል? በመጋቢት ከሰዓት 28 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 25 ነው። በ120 ስታባዙት 3,000 ይሆናል።
4. ደምሩ። 9,000 ጫማ።

መሬት ላይ ቆማችሁ አውሮፕላኗ 9,000 ጫማ ላይ ናት ማለት ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ከኃይሉ ሩብ በላይ ያጣል። 100 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት 73 ገደማ ይሰጣችኋል። ደብረ ማርቆስ ላይ 25 ዲግሪ በሆነ ቀን ያው ሒሳብ ወደ 11,000 ጫማ ያወጣችኋል። እዚያ የሚቀራችሁ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ፕሮፔለሩና ክንፉም የሚይዙት አየር ሳስቷል። ጉዳቱ ሦስት ጊዜ ይመጣል።

አሁን ደግሞ ባሕር ዳርን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አስሉት። 14 ዲግሪ ቢሆን 7,300 ጫማ ነው። በነጻ 1,700 ጫማ አገኛችሁ። የጎጃም በረራ የጠዋት በረራ ነው የምለው ለዚህ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል በኋላ ለመዝናናት ብሎ መነሳት፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ለእኔ ትርጉም የለውም። ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን አየሩም መናጥ ይጀምራል፤ ከሰዓት ደግሞ ደመናው ተቆልሎ ይመጣል።

ሰዓት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር። የበረራ ዕቅድና የአየር ሁኔታ መረጃ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ደምሩ። ጠዋት 1 ሰዓት 04፡00 ነው፤ ማታ 12 ሰዓት 15፡00 ነው። በስልክ «አንድ ሰዓት ላይ» ተባብሎ አንዱ የፈረንጅ፣ ሌላው የሐበሻ ሰዓት ሲያስብ ጉድ ይፈላል።

ክብደት

አቭጋስ፣ ማለትም የትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን፣ በየከተማው አይገኝም። ስለዚህ የደርሶ መልሱን ይዞ መውጣት ያጓጓል። 100 ሊትር ግን 72 ኪሎ ነው፤ አንድ ሙሉ ሰው። በ9,000 ጫማ አየር ላይ ሙሉ ታንክና ሙሉ ወንበር አብረው አይሄዱም። አንዱን ምረጡ። እኔ ብሆን ሰው እቀንሳለሁ እንጂ ነዳጅ አልቀንስም። ሕጉ በቀን በዓይን ለሚበር 30 ደቂቃ መጠባበቂያ ነዳጅ ይጠይቃል። በዚህ አገር ማረፊያ እንደ ልብ ስለማይገኝ አንድ ሰዓት ይሁንላችሁ።

ጠዋት ኮፈኑ ሲከፈት

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነው የሚታየው። ኮፈኑን ሙሉ በሙሉ መክፈት ከተቻለ ክፈቱት። በቀዳዳ አጮልቆ ማየት ፍተሻ አይባልም።

መጀመሪያ ቁልፉ መዘጋቱን፣ ማግኔቶዎቹ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡት) መጥፋታቸውን እዩ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ፕሮፔለሩን ሊነሳ እንደሚችል አድርጋችሁ ያዙት። የማግኔቶው ማጥፊያ ሽቦ ከተበጠሰ ቁልፉ ተዘግቶም ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። በፕሮፔለሩ ክብ ውስጥ ሰው አይቁም።

የሮታክስ 912 ዘይት ዝም ብሎ አይለካም። ዘይቱ የሚቀመጠው በተለየ ጋን ውስጥ ነው። ማግኔቶው ጠፍቶ፣ ፕሮፔለሩን በእጅ ወደ ትክክለኛው የዙር አቅጣጫ ብቻ አዙሩት፤ ከጋኑ «ጉልጉል» የሚል ድምፅ እስክትሰሙ። ከዚያ በኋላ ነው መለኪያው እውነት የሚናገረው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል ያለው 0.45 ሊትር ነው፤ ትንሽ ጉድለት ማለት ብዙ ማለት ነው። ወደ ኋላ ማዞር ግን አየር ወደ ዘይት መስመሩ ሊያስገባ ስለሚችል አታድርጉት።

በሴስናው ሞተር መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ክተቱ፣ አንብቡ። ቁጥሩን ጻፉት። የዛሬው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከባለፈው በረራ ወዲህ በሰዓት ስንት ጠጣ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ድንገት መጠጣት ከጀመረ ወይ ቀለበት ነው ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ቀጥሎ ዓይናችሁን በዚህ ቅደም ተከተል አዙሩ። ከማርሚታው መገጣጠሚያ ላይ ግራጫ ወይም ነጭ የጭስ ዱቄት ካለ ጋዝ እያመለጠ ነው። ይህን በቀላሉ አትለፉት፤ የካቢኑ ማሞቂያ በአብዛኛው ሙቀቱን የሚወስደው ከማርሚታው ዙሪያ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማሞቂያውን ከፍታችሁ ስትበሩ ያ ጋዝ ወደ እናንተ ይመጣል። ሽታ የለውም። ከፍታው ቀድሞውኑ ኦክስጅን ቀንሶባችኋል፤ በላዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመር ራስ ምታቱ ሳይሰማችሁ ማመዛዘን ትተዋላችሁ። ጠቋሚ መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ግዙ።

ጎማ ቱቦዎቹን በእጅ ጭመቁ። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የላላ ካለ አትብረሩ። ዳዶና ቡሎን ላይ የደኅንነት ሽቦ እንዳለ እዩ። የአየር ፊልትሮው ላይ አተኩሩ፤ በበጋ የአፈር ሜዳ ላይ የሚነሱ ሰዎች ፊልትሮ ማንዋሉ ከሚለው ቀድሞ ይሞላል። የመውቂያ ሰሞን ከሆነ ገለባም ይገባል። የታፈነ ፊልትሮ ቀድሞ ከሳሳው አየር ላይ ጨምሮ ይቀንሳል።

ሮታክስ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የማቀዝቀዣው ክዳን። ደብረ ማርቆስ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ነው። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ከዚያ በላይ ሙቀት የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ዝቅ ያለ አገር ላይ ላይታወቅ ይችላል። እዚህ ግን ሽቅብ ስትወጡ ይፈላባችኋል። ክዳኑን ለውጡ፤ ዋጋው ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም። ሞተሩ ሳይበርድ ግን አትክፈቱት።

ፕሮፔለሩን በጣት ዳብሱ። በጠጠር የተጎረደ ቦታ ካለ በመካኒክ ሞረድ ይስተካከል እንጂ ለነገ አይባልም። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ነዳጁን አትመኑት

አቭጋስ 100 ኤልኤል ቀለሙ ሰማያዊ ነው። የጄት ነዳጅ ቀለም የለውም ወይም ገለባማ ነው፤ ጣት ላይ ቅባት ይተዋል። ትልልቅ አውሮፕላን በሚስተናገድበት ሜዳ ላይ የጄት ነዳጅ ወደ ትንሽ አውሮፕላን ታንክ መግባት በዓለም ላይ ሰው የገደለ ስሕተት ነው። ሲሞላ ቆማችሁ እዩ። ሰው ልካችሁ ሻይ አትጠጡ።

ከሞላ በኋላ ትንሽ አቆዩትና ከየታንኩ ሥርና ከማጣሪያው ወደ ብርጭቆ ቅዱ። ውኃ ከታች ይረጋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ከታያችሁ አትደሰቱ፤ ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ቀለሙን ነጭ ነገር ላይ አስደግፋችሁ እዩ፣ አሽትቱ። በክረምት ጎዶሎ ታንክ ሌሊቱን ሲያድር እርጥበት ጠል ሆኖ ውስጥ ይወርዳል። ከተቻለ ሞልታችሁ አሳድሩ። በማግስቱ ጭነት ካለ ግን የክብደት ሒሳቡን አስታውሱ።

የመኪና ቤንዚን? ሮታክስ 912 ዩኤል ከ90 ኦክቴን፣ 912 ዩኤልኤስ ከ95 ኦክቴን ጀምሮ ይቀበላል። ሞተሩ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኗም የተፈቀደላት መሆን አለባት። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን የተሸጠበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ እየፈተናችሁ ቅዱ። አሠራሩ ይኸው፦ ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ውኃ አድርጉና ደረጃውን ምልክት አድርጉበት። ቤንዚን ሙሉበት፣ ዘግታችሁ ናጡት፣ አስቀምጡት። ከሥር ያለው ውኃ ከምልክቱ በላይ «የጨመረ» ከመሰለ አልኮል አለበት። በተጨማሪም የመኪና ቤንዚን ቶሎ ይተናል። በሙቀትና በከፍታ መስመሩ ውስጥ አረፋ ሠርቶ ነዳጅ ሊያቋርጥ ይችላል። ጀሪካን ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።

ማስነሳት፣ ማሞቅ፣ መፈተሽ

በገጠር ሜዳ ላይ ሕፃናት ይሰበሰባሉ። ደስ ይላል፤ ግን የሚዞር ፕሮፔለር አይታይም። ሳትነሱ አንድ ትልቅ ሰው መድቡ፣ ልጆቹን ከኋላ ሳይሆን ከጎን አርቆ እንዲይዝ። ስታርፉም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም በሩ አይከፈት።

ሮታክሱን 2,000 ዙር ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ 2,500 ላይ የዘይቱ ሙቀት 50 ዲግሪ እስኪሞላ አሙቁት። በጥር ጠዋት ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ጠብቁ። የማግኔቶ ፍተሻው 4,000 ዙር ላይ ነው። አንዱን ስታጠፉ ከ300 በላይ መውረድ የለበትም። በሴስናው ላይኮሚንግ ሞተር ላይ መውረዱ ከ175፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ50 አይለፍ። ምንም ካልወረደስ? እሱም ችግር ነው። ማግኔቶው አልጠፋም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ የተበጠሰ ሽቦ ትዝ ይበላችሁ።

አሁን ሚክስቸር፤ የነዳጁንና የአየሩን ድርሻ የሚያስተካክለው ቀይ ማንሻ። ትምህርት ቤት «ለመነሳት ሙሉ ቀይ ማንሻ» ብለው ያስተምራሉ። ዝቅ ያለ አገር ላይ ልክ ነው። እዚህ ግን ሙሉ ሪች (ነዳጁ የሚበዛበት) ማለት ሞተሩን በቤንዚን ማነቅ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ነዳጁ ያው ሆነ። ፒቹ (የምላጩ ዘንበል) የማይለወጥ ፕሮፔለርና ተርቦ የሌለው ሞተር ካላችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. ፍሬን ያዙ፣ ከኋላችሁ ሰውም አቧራም አለመኖሩን እዩ።
2. ትሮትሉን (የኃይል ማንሻውን) ሙሉ ስጡ።
3. ሚክስቸሩን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። ዙሩ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል።
4. ከፍተኛው ላይ መልሱና ትንሽ ወደ ሪች ግፉ። በዚያው ተነሱ።

መሬት ላይ ስትነዱም ሊን (ነዳጁ የሚቀንስበት) አድርጉት። አለበለዚያ አቭጋሱ ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ) ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ሮታክስ 912 ይህ ማንሻ የለውም፤ ካርቡረተሮቹ ከፍታውን በተወሰነ ደረጃ ራሳቸው ያካክሳሉ። ለማረፍ ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱም ሪች ቢባል ለዚያ ከፍታ የሚበቃውን ያህል ነው። ሙሉ ሪች አድርጋችሁ ድንገት ትሮትል ብትሰጡ ሞተሩ ሊንገዳገድ ይችላል።

መንደርደርና ወፎቹ

መንደርደሪያው ሲጋመስ ከመነሻ ፍጥነታችሁ 70 በመቶ ካልደረሳችሁ አቁሙ። ግማሹ የት እንደሆነ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ በአፈር ሜዳ ላይ ነጭ ድንጋይ ይበቃል። ባሕር ዳር ላይ ራንዌዩ ለትልልቅ ጄት የተሠራ ስለሆነ አይጎድላችሁም። እሱ ነው የሚያታልለው። መነሳቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው የሚከብደው። መውጫችሁ መጽሐፉ ከሚለው የባሕር ወለል ቁጥር ግማሽ ሊሆን ይችላል። አፍንጫውን አትጎትቱ። ጠቋሚው ላይ ያለውን ፍጥነት ብቻ ተከተሉ። መሬቱ ከለመዳችሁት ፈጥኖ ሲያልፍ ይታያችኋል፤ በ9,000 ጫማ አየር ላይ እውነተኛው ፍጥነት ከሚነበበው 15 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስታርፉም ያው ነው። «ፈጥኛለሁ» ብሎ ጠቋሚውን ትቶ መቀነስ ብዙዎችን ለአደጋ ዳርጓል።

ወፍ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የጣና ዳር የወፍ አገር ነው፤ ርግቡ፣ ይብራው፣ ጥንብ አንሳው። ራንዌዩን ከመግባታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ዳር ዳሩን እዩ፣ ሬዲዮ ላይ ጠይቁ። መንጋ ካለ ጠብቁ። በአየር ላይ ወፍ ከፊት ከመጣ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ፍጥነት ካላችሁ እናንተ ወደ ላይ ውጡ። የፊት መብራታችሁ ቀንም ይብራ።

መንገዱ

ፈቃድና ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ) ሳታዩ አትነሱ። ባሕር ዳር ላይ ወታደራዊ እንቅስቃሴም አለ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ በሕዳሴ ግድብ ላይ መብረር ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ተከልክሏል።

ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ቀጥታው 150 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ካርታ ላይ ቀላል ይመስላል። ቀጥታው ግን ወደ ጮቄ ይጠጋል። ጮቄ 4,100 ሜትር ገደማ ነው፤ 13,400 ጫማ ይላል። 2,000 ጫማ ትርፍ ይዞ ለመሻገር 15,400 ያስፈልጋል። የሴስና 172 ኤስ ጣሪያው 14,000 ነው። ስለዚህ በጮቄ ላይ አይታለፍም፣ አለቀ። በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጋችሁ ዙሩ። ወደ 220 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትርፉ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ከሥር አስፋልት ሰጣችሁ፣ ከተማ ሰጣችሁ።

ኦክስጅንን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ደንብ ከ12,500 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ለሚቆይ አብራሪ ኦክስጅን ያዛል። «የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ» የሚል አይጠፋም። መልመድ ጥቂት ይረዳል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ወይም ጠላ የቀመሰ ሰው ላይ ግን ከፍታው ቀድሞ ይበረታል።

ዓባይን ስትሻገሩ ሒሳብ አለ። አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተር ጠፍቶ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ከየ1,000 ጫማው 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንሳፈፋሉ። በምትሻገሩበት ቦታ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ካርታ ላይ ለኩ። ለምሳሌ 16 ኪሎ ሜትር ቢሆን መሃሉ ላይ ስትደርሱ 8 ኪሎ ሜትር መንሳፈፍ አለባችሁ፤ 3,000 ጫማ። ሜዳ ለመምረጥ 1,000 ጨምሩ። አፋፉ 8,200 ጫማ ከሆነ 12,200 ላይ መሻገር አለባችሁ ማለት ነው። ከገደሉ ወለል ላይ ማረፊያ የለም። ከሰዓት በኋላ የገደሉ ግድግዳ አየሩን ይንጠዋል፤ ወደ ታች የሚጎትት ነፋስ ካገኛችሁ አፍንጫ አታንሱ፣ ፍጥነት ይዛችሁ ከአካባቢው ውጡ።

ጣና ላይ ደግሞ በ10,000 ጫማ ብትበሩ ከውኃው በላይ 4,000 ናችሁ። የምትንሳፈፉት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቁ በስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዳር ዳሩን ይዛችሁ ሂዱ። ገዳማቱን ለማየት ወደ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ የተንሳፋፊ ጃኬቱን ልበሱት እንጂ ከወንበር ሥር አታስቀምጡት። ውስጥ ሆናችሁ ግን አትንፉት።

የካርቡረተር በረዶ

ሰው «በረዶ በኢትዮጵያ?» ይላል። በረዶው የሚሠራው ሞተሩ ውስጥ ነው። ቤንዚኑ ሲተን፣ አየሩም በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ውጭ 15 ዲግሪ ሆኖ እርጥበት ካለ ውስጡ በረዶ ነው። 15 ዲግሪና እርጥበት ደግሞ የእንጅባራ የነሐሴ ጠዋት ነው።

ምልክቱ ቀስ ያለ ነው። ዙሩ ትሮትል ሳትነኩ ይወርዳል። ፓይለቱ ሳያስበው ትሮትል ይጨምራል። እንደገና ይወርዳል። ከዚያ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ የካርቡረተር ማሞቂያውን ሙሉ መሳብ ነው፤ ግማሽ አይደለም። ዙሩ መጀመሪያ ይባስ ይወርዳል፣ በረዶው ሲቀልጥም ሞተሩ ያጓራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ማሞቂያውን ይዘጋዋል። አትዝጉት። ታገሡ። ከዚያ ዙሩ ይመለሳል። ለመውረድ ኃይል ከመቀነሳችሁ በፊትም አስቀድማችሁ ሳቡት፤ ከሞተሩ ሙቀት የሚገኘው በኋላ ይቀንሳልና። ሮታክስ ላይ አንዳንዱ ማሞቂያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ በመሬት ላይ እወቁ።

ሞተሩ ዝም ቢል

መጀመሪያ ምርጡን የመንሳፈፊያ ፍጥነት ያዙ። ከዚያ ሜዳ። ከዚያ ምክንያት፦ የነዳጅ መምረጫው፣ ሚክስቸሩ፣ የካርቡረተር ማሞቂያው፣ ፓምፑ፣ ማግኔቶው። ጊዜ ከተረፈ ሬዲዮ በ121.5፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር መለያ ቁጥር የሚልከው መሣሪያ) 7700። ይህን ቅደም ተከተል ቆማችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ እጃችሁ እስኪያውቀው ተለማመዱት።

ሜዳው እንደ ወሩ ይለያያል። በሐምሌና በነሐሴ ዋልካው ጭቃ ነው፤ የፊት ጎማ ይነክሰውና አውሮፕላኗ ትገለበጣለች። በዚያ ወቅት ዳገታማ የግጦሽ ሣር ይሻላል፤ ሽቅብ እረፉ። በኅዳር ማሳው ታጭዶ ያምራል፣ ግን ክምርና ሰው አለበት። ከጥር በኋላ ደረቁ ገለባማ መሬት ጥሩ ነው፤ ከብት አይታችሁ ውረዱ። እርከን ካለ በእርከኑ አቅጣጫ እንጂ አቋርጣችሁ አትግቡ። መራዊ አካባቢ የቆጋ መስኖ ሜዳ ከላይ ለጥ ያለ ይመስላል፤ ቦዮቹን አስተውሉ፣ በበጋም ርጥብ ነው። በአዊ በኩል አረንጓዴ ምንጣፍ የሚመስለው ብዙው ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነትና ባሕር ዛፍ ነው። መንገድ ላይ ማረፍ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። ገበያ ቀን ከሆነ ጭራሽ አታስቡት፤ በሌላም ቀን ቢሆን ሽቦ አለ፣ ሽቦ ደግሞ ከላይ አይታይም። ምሰሶውን ፈልጉ።

መዝገቡና ሰርቪሱ

የላይኮሚንግ ዘይት ሙሉ ፊልትሮ ካለው በየ50 ሰዓቱ፣ ወንፊት ብቻ ካለው በየ25 ሰዓቱ ይለወጣል። ወይም በየ4 ወሩ፤ ቀድሞ የደረሰው። እዚህ አገር የሚቀድመው ብዙ ጊዜ ወሩ ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ የምትበር አውሮፕላን 50 ሰዓት እስክትሞላ ዘይቱ ውኃና አሲድ ይሆናል። ሮታክስን በአቭጋስ የምታበሩ ከሆነ እርሳሱ ዘይቱን ስለሚያቆሽሽ የመለወጫው ጊዜ ያጥራል፤ ማንዋሉ ቁጥሩን ይሰጣችኋል።

ዘይቱን አሙቃችሁ አፍስሱ። የወጣውን ፊልትሮ አትጣሉት። በመቁረጫው ክፈቱት፤ በብረት መጋዝ አይሆንም፣ መጋዙ ራሱ ብረት ይጥላል። ወረቀቱን ዘርግታችሁ ብርሃን ላይ እዩ። የሚያብለጨልጭ ካለ ማግኔት አስጠጉ። ከተሳበ ብረት ነው፣ ካልተሳበ ምናልባት አልሙኒየም። አንድ ሁለት ፍንጣሪ ይመዘገባል። እፍኝ ከሆነ አውሮፕላኗ ትቆማለች።

ካንዴላዎቹ በየ100 ሰዓቱ ይወጡ፣ ይጽዱ፣ ክፍተታቸው ይለካ፣ የላዩ ወደ ታች የታቹ ወደ ላይ ይዙር። መሬት የወደቀ ካንዴላ አይመለስም። የሲሊንደሩ ግፊት በ80 ፒኤስአይ ተለክቶ ከ60 በታች ካሳየ መካኒኩ ምክንያቱን ይፈልግ። ሮታክስ ላይ የጎማ ቱቦዎች በየ5 ዓመቱ ይለወጣሉ፤ ደህና ይመስላል ብላችሁ አትከራከሩ። የፈረመው ሰው ፈቃድ ያለው ይሁን። የሠፈር ጎበዝ መካኒክ የመኪና ካርቡረተር ቢያውቅም፣ ማግኔቶ ሌላ ነገር ነው።

ለየበረራው አምስት ነገር ጻፉ፦ የሞተር ሰዓት፣ የጨመራችሁት ዘይት፣ ከፍተኛው የዘይት ሙቀት፣ ከፍተኛው የሲሊንደር ሙቀት፣ የማግኔቶው መውረድ። ላይኮሚንግ ላይ የሲሊንደሩ ጣሪያ 260 ዲግሪ ነው፤ እኔ 204ን አላልፍም። ሽቅብ ስትወጡ ከተጠጋ አፍንጫ ዝቅ አድርጉ፣ ፍጥነት ጨምሩ። የሳሳ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም።

ክረምት

ከሰኔ እስከ መስከረም ብዙዎች አውሮፕላናቸውን ያሳርፋሉ። «ዝገት እንዳይዘው» ብለው በየሳምንቱ መሬት ላይ አሥር ደቂቃ የሚያስነሱ አሉ። ይህ ከማቆም የባሰ ነው። ሞተሩ ሲነድ ውኃ ይሠራል፤ ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ ውኃው አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ወይ አንድ ሰዓት ያህል ዘይቱን 80 ዲግሪ ላይ ይዛችሁ ብረሩ፣ ወይ አትንኩት።

የምታቆሙ ከሆነ ዘይቱን ለውጡና አንድ ጊዜ በርራችሁ አዲሱን ዘይት በሞተሩ ውስጥ አዳርሱ። ታንኩን ሙሉ። በላዮቹ ካንዴላዎች ቦታ እርጥበት መምጠጫ ያለበትን መሰኪያ ግጠሙ፤ ቀለሙ ሲለወጥ ቀይሩት። የአየር መግቢያውንና የማርሚታውን አፍ ድፈኑ፣ ቀይ ጨርቅ አንጠልጥሉባቸው፣ ፕሮፔለሩ ላይ «አታዙሩ» የሚል ወረቀት እሰሩ። ፒቶ ቱቦውን (ለፍጥነት ጠቋሚው አየር የሚቀበለውን) ሸፍኑ። ተርብ በጥቂት ቀን ውስጥ ጭቃ ይሞላበታል። ክንፎቹን በገመድ እሰሩ፤ የሐምሌ ነፋስ ትንሽ አውሮፕላን ያነሳል።

መስከረም ላይ ስትመለሱ የአይጥ ጎጆ ከኮፈኑ ውስጥ፣ ከክንፉ ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር ፈልጉ፤ ሽቦ በልቶ ሊሆን ይችላል። ደፈናዎቹን እየቆጠራችሁ አውጡ። ነዳጁን ከየቦታው ቅዱ፤ ውኃ እስኪጠፋ ደጋግሙ። ባትሪውን ሙሉ። ካንዴላዎቹን ከመመለሳችሁ በፊት ሞተሩን በማስነሻው አዙሩትና የዘይት ግፊት መምጣቱን እዩ። ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሱ፣ አስነሱ፣ አሙቁ፣ አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱና የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። የመጀመሪያውን በረራ ብቻችሁን፣ ሰው ሳትጭኑ፣ ከራንዌዩ ሳትርቁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አድርጉት።